ባሕር በአራተኛ ፎቅ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ ሁለት፣
ከደረጃው በስተግራ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ባለችው ቤት፣
እትዬ ዝማም ይኖራሉ።
ሰው «የአሰቧ» ይላቸዋል፤ ስማቸውን የሚያውቁ ጥቂት አሉ።

እኔ ከላያቸው ነኝ። ሹፌር ነኝ፤ ተሳቢ እነዳለሁ፤
በወር ሁለቴ ጅቡቲ ወርጄ ማዳበሪያ ጭኜ እመለሳለሁ።
ባሕር ለኔ ምንድነው? ወረፋ ነው፤ የማኅተም ደጅ ጥናት፣
በጎማ ጥላ ሥር ተጋድሞ፣ ስም እስኪጠራ ሦስት ቀናት።

እሳቸው ሲያወሩት ግን ሌላ ነው።
ማጣሪያው ቢሮ ታይፒስት ነበሩ፣ በሃያ አራት ዓመታቸው፣
ከደመወዝ ላይ የበረሃ አበል፣ ከአበሉ ላይ ዘመናይ ጫማቸው።

«እዚያ፣ ልጄ፣ በር የሚዘጋው ቀን ነው፤ ማታማ ማን ይዘጋ!
ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማው ይነቃል፤ ይወጣል ሁሉም ከነአልጋ።
ሽቦ አልጋ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣
የጎረቤትህን ሕልም ትሰማለህ፤ በእንቅልፉ ያወጣዋል ዘርዝሮ።
የመኒው ከጀልባው ቴምር ያወርዳል፣ አፋሩ ፍየሉን ይነዳል፣
መርከበኛው ሞቅ ብሎት "እወድሻለሁ" ማለት ይለማመዳል፤
የደሴው ልጅ ጋዜጣ ይሸጣል፣ የሦስት ቀን አሮጌ፤
እኔ ጸጉሬን ተተኩሼ፣ ከነፋስ ልጣላ፣ እዚያ ከማዕበሉ ግርጌ።
ዓሣው በርበሬ እስኪነካው ድረስ ይፈራገጣል፤
ሬዲዮ ከየደጁ ይዘፍናል፤ የሰው ሳቅ ግን ይበልጠዋል።
ደሞ ከፊታችን ያ ሁሉ ውሃ!
ደሃ ነበርን እኮ፤
ግን ማንም ብቻውን አልነበረም ደሃ።»

እዚህስ?
ከየረር ነፋስ ይነሳል፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ሁሉ ጥርቅም፤
ከብረት በር ኋላ ሌላ ብረት በር፤ ለማን ሊበጅ፣ ምን ሊጠቅም?
ሰላምታ ራሷ ጃኬት ለብሳ፣ አንገቷን ቀብራ ነው የምታልፍ፤
ውሃ በስምንት ቀን፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፤ ያኔ ብቻ ብሎኩ ከእንቅልፍ
ይነሳል፤ ባልዲ ይንኳኳል፣ ጀሪካን ይጎተታል፣
ቧንቧው ሲያጉተመትም፣ «ማዕበል መጣ!» ብለው ይስቃሉ፤
ሳቃቸው በወለሉ ዘልቆ ወደኔ ይመጣል።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝ፤ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሰጡኝ፤
«ከዚያ ውሃ ሙላልኝ፣ ዘይት የሌለበትን» ብለው ለመኑኝ።
ሞላሁ። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ የወደቡ ዘበኛ እንደ እብድ እያየኝ።
ጋላፊ ላይ ፈታሹ «ይሄ ምንድነው?» ሲል፣ «ባሕር» ማለት አሳፈረኝ፤
«ጠበል ነው» አልኩት። አሳለፈኝ።

የገባሁ ለት መብራት ጠፍቶ ነበር።
ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ፤ ጥቂት ዝም አሉ፤
ከዚያ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ኮሪደሩ፣ «ኑ፣ ቅመሱ!» እያሉ።
የሰባት ቁጥሯ ልጅ፣ ሲፈን፣ ጣቷን ልሳ ፊቷን አጨማደደች፣
«እንትፍ! ጨው!» አለች፤
ደግማ ግን ነከረች።
አባቷ ሊቆጣ ወጣ፤ ቀመሰ፤ ቆሞ ቀረ፤
ነርሷ ሻማ ይዛ መጣች፤ ያ ሰላም የማይለን ባንከር በቱታ ተጨመረ።
አንዱ «እውነት መንገድ ላይ ይተኛሉ?» ሲል፣ ሌላው ስለ ዝዋይ ጀመረ።
ስድስት ዓመት ግድግዳ የተጋራን ሰዎች፣ ስም ተጠያየቅን በጨለማ፤
የረር ነፋሱን ለቀቀብን፤ ማንም አልገባም፤
ለአርባ ደቂቃ ያህል፣ ኮሪደሩ ሆነ የወደብ ከተማ።

መብራት መጣ።
ቴሌቪዥኑ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። በሮቹ፣ ተራ በተራ፣ ጥርቅም።

በሳምንቱ፣ «ውሃውን ምን አደረጉት?» አልኳቸው።
«ግማሹን ሽሮ ውስጥ። ጨው ተወዷል፤ ወይስ እንደ ፎቶ ልስቀለው?»
«ግማሹንስ?»
መስኮቱ ላይ ሳህን አሳዩኝ፤ ደርቆ፣ ነጭ ክብ ሠርቶበት፣
በክቡ ጠርዝ ላይ የሲፈን ትንሽ የጣት አሻራ አለበት።
«ደግሜ ላምጣ?»
«ውሃውን ተወው፣ ልጄ፤ ውሃስ ይቆይ ባለበት፤
ከቻልክ፣ በሚቀጥለው ጉዞህ፣
ሙቀቱን ጫንልኝ፤ ያን በር የሚያስከፍተውን፤
ከማዳበሪያው ሥር ደብቀህ።»